የቤት ለቤት ጉብኝት እና ጤና ኬላ፦ የትኛው ለምን ይጠቅማል?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡና አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎችን እንዲያገለግል ታቅዷል። በመጀመሪያ ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓታቸው 75 በመቶውን ቤት ለቤት፣ 25 በመቶውን በኬላው እንዲያሳልፉ ታስቦ ነበር። በኋላ ሕፃናትን ማከም ሲጀምሩ የኬላው ሥራ በዛ። ስለዚህ ኬላው ተዘግቶ ቢያገኙት ሠራተኛዋ መንደር ወጥታ ሊሆን ይችላል።

የቤት ለቤት ጉብኝት ጥቅም

በኬላ የማይታየው ቤት ውስጥ ይታያል። ለምሳሌ በሞላሌና በሌሎች የመንዝ ደጋዎች ብርዱ ስለሚጠና እሳት ቤት ውስጥ ይነዳል። ጎብኚዋ ጭሱ መውጫ እንዳለው፣ አራስ ልጅ በደንብ መሞቁንና ውኃው ተከድኖ መቀመጡን ታያለች። ክትባት ያቋረጠ ሕፃን፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ወይም ከቤት መውጣት ያልቻለ አዛውንት የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

የጤና ኬላ ጥቅም

ሚዛን፣ መድኃኒትና መዝገብ ያለው እዚያ ነው። የተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና የምግብ እጥረት ሕክምና ለሕፃናት ይሰጣል። የቤተሰብ ዕቅድን የመሰለ ጉዳይ ቤተሰብ ሳይሰማ ለመነጋገርም ይመቻል።

አንዱ ሌላውን አይተካም። በጉብኝት የተገኘው ችግር በኬላ ይታከማል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ ማገገሙ ደግሞ ቤት ድረስ ሄዶ ይታያል። ወሊድ ግን በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል መሆን አለበት።

ጉብኝት የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ የጉብኝት ቀን አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፦

- ሕፃኑ ጡት መጥባት ካቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጨቅላው ካተኮሰው አልያም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ
- ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ደም ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለባት፣ ዓይኗ ከደበዘዘባት ወይም ራሷን ከሳተች

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ሠራተኛዋ ኬላ የምትውልባቸውን ቀናት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ስልኳንም ይያዙ። የክትባትና የእርግዝና ክትትል ካርዶችን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። ለወሊድ መጓጓዣውንና አጃቢውን ምጥ ሳይጀምር ይወስኑ።