«ሸማኔዎች» ስለ ተባሉት የአሜሪካ ዘፋኞች

የሕዝብ ዘፈን ጌታ የሌለው ገንዘብ ይመስላል። ገበሬው በእርሻው፥ ሴቲቱ በወፍጮዋ፥ እስረኛውም በእስር ቤቱ ያወጣው ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የፊተኛው ባለቤት ስም ይጠፋና ዜማው ብቻ ይቀራል። ነገር ግን ይኸው ዜማ ከከተማ ገብቶ፥ በሸክላ ተቀርጾ፥ ገንዘብ ማምጣት በጀመረ ጊዜ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የድኻውም እንጕርጕሮ በባለጸጎች አደባባይ ሲሰማ «ይህን የሚዘፍነው የማን ወገን ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። በአሜሪካ አገር «ሸማኔዎች» ተብለው የተጠሩት አራት ዘፋኞች ሁለቱም ጥያቄዎች ደርሰውባቸዋል። ለኋለኛው ጥያቄ የሰጡት መልስ የተመሰገነ ነው፤ ለፊተኛው የሰጡት መልስ ግን ጐደሎ ሆኖ ቀረ። ታሪካቸው ከዚህ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው ሊ ሄይስ በ1914 በአርካንሶ ግዛት ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ስለ ነበረ ልጁ በመዝሙርና በስብከት መካከል አደገ፤ ድምፁም እጅግ ወፍራም ነበረ። ሁለተኛው ፒት ሲገር በ1919 ተወለደ፤ አባቱ የታወቀ የሙዚቃ ሊቅ ነበረ። ሲገር ሃርቫርድ ከተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይፈጽም በ1938 ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ባንጆውን ይዞ የባላገሩን ዘፈን ለመማር አገር ላገር ዞረ። ባንጆ ማለት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች የአገራቸውን መሣሪያ እያሰቡ በአሜሪካ ምድር የሠሩት ባለ አውታር መሣሪያ ነው። ሦስተኛይቱ ሮኒ ጊልበርት በ1926፥ አራተኛውም ፍሬድ ሄለርማን በ1927 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ፤ ሁለቱም ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ከመጡ ከአይሁድ ወገን ነበሩ። የሮኒ እናት ልብስ ሰፊ፥ ስለ ሠራተኞችም ማኅበር የምትደክም ሴት ነበረች።

ሄይስና ሲገር አስቀድሞ በ1941 «አልማናክ» በተባለ የዘፋኞች ማኅበር ውስጥ፥ ዉዲ ገትሪ ከተባለው ስመ ጥር ዘፈን አውጪ ጋራ አብረው ዘፍነዋል። ያ ማኅበር በጦርነቱ ዘመን ተበተነ፤ ሲገርም ወደ ውትድርና ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 መጨረሻ ከሁለቱ ወጣቶች ጋራ ተገናኝተው በኒው ዮርክ አራቱ አንድ ሆኑ።

ስማቸውን የወሰዱት ጌርሃርት ሃውፕትማን የተባለ የጀርመን ደራሲ በ1892 ካወጣው «ሸማኔዎች» ከተባለው የቴአትር መጽሐፍ ነው። ይህም መጽሐፍ በ1844 በሺሌዚያ አገር የነበሩ ሸማኔዎች የሥራቸው ዋጋ ቢያንስባቸውና ቢራቡ በነጋዴዎቹ ላይ እንዴት እንደ ተነሡ የሚናገር ነው። እንግዲህ ስሙ ሁለት ፍቺ ነበረው። በላዩ ሲታይ አራት ድምፅ እንደ ድርና ማግ ተሸምኖ አንድ ሸማ መሆኑን ያሳያል፤ በውስጡ ሲመረመር ግን ለብሶ ለሚያጌጠው ሳይሆን ሸምኖ ለሚራቆተው ሰው መቆማቸውን ይናገራል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አቋም አደጋ የሌለበት አልነበረም። በሴፕቴምበር ወር 1949 ፖል ሮብሰን የተባለው ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ በፒክስኪል ከተማ አጠገብ ባደረገው ጉባኤ ሲገር ዘፍኖ ነበር። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገዱ ዳር የቆሙ ሰዎች ድንጋይ ወረወሩባቸው፤ ሲገርም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ የተቀመጠበት መኪና መስተዋቱ ተሰበረ። ሲገር ከመኪናው ውስጥ ከወደቁት ድንጋዮች አንሥቶ አስቀመጠ፤ በኋላም በሁድሰን ወንዝ አጠገብ በገዛ እጁ ቤት ሲሠራ ከምድጃው ግንብ ውስጥ አግብቶ ሠራቸው። ለመምታት የተወረወረው ድንጋይ ለማሞቂያ ዋለ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ዘፋኞቹ ገንዘባቸው አልቆ ሊለያዩ ጥቂት ሲቀራቸው «ቪሌጅ ቫንጋርድ» ከተባለው የምሽት መዝናኛ ቤት ሥራ አገኙ። ደመወዛቸው በሳምንት 200 ዶላር ነበር፤ እርሱንም ለአራት ይካፈሉት ነበር። ለጥቂት ሳምንት ተብሎ የተጀመረው ሥራ ስድስት ወር ያህል ቆየ። ጎርደን ጄንኪንስ የተባለ የሙዚቃ አቀናባሪ ከዚያ ሰምቶአቸው ወደ ዴካ የሸክላ ኩባንያ አመጣቸው። በ1950ም ሁለት ዘፈን በአንድ ሸክላ ወጣ፤ በአንዱ ገጽ «ደኅና እደሪ፥ አይሪን» የሚባል የባላገር ዘፈን፥ በሁለተኛው ገጽ «ጼና፥ ጼና፥ ጼና» የሚባል የዕብራይስጥ ዘፈን ነበረበት። ፊተኛው በአገሩ ሁሉ ከተሸጡት ዘፈኖች መካከል 13 ሳምንት የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ፤ ሁለተኛውም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሸጡት ሸክላ 4 ሚሊዮን ያህል ሆነ። እስከዚያ ድረስ የባላገር ዘፈን በከተማ እንዲህ ያለ ገበያ ያገኛል ብሎ ያሰበ ነጋዴ ጥቂት ነበር።

ነገር ግን የእነዚህ ዘፈኖች ባለቤቶች ዕድል አንድ ዓይነት አልሆነም። «አይሪን» የተባለውን ዘፈን ያስተማረው ሃዲ ሌድቤተር፥ በቅጽል ስሙ ሌድ ቤሊ የሚባለው፥ የሉዊዝያና ተወላጅ የሆነ ጥቁር ዘፋኝ ነበረ። በ1933 ጆን ሎማክስ የተባለ ዘፈን ሰብሳቢ ከልጁ ከአለን ጋራ ሲዞር ከወህኒ ቤት አግኝቶ ድምፁን ቀረጸው። ሌድ ቤሊ ከእስራት ወጥቶ በኒው ዮርክ ቢኖርም ድኽነት አልለቀቀውም። በዲሴምበር 6 ቀን 1949 ሞተ፤ ዘፈኑ በአገሩ ሁሉ የተሰማው ከሞተ ከጥቂት ወር በኋላ ነው። የ«ጼና» ዜማ ባለቤት ኢሳካር ሚሮን ግን በሕይወቱ ሳለ ተሟግቶ ዜማው የእርሱ እንደ ሆነ በ1954 ከኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አስፈረደ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያሳዝናል። ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ የዙሉ ሰው በጆሃንስበርግ በአንድ የሸክላ ፋብሪካ የሚሠራ ምስኪን ሠራተኛ ነበረ። እርሱና ባልንጀሮቹ በ1939 «ምቡቤ» የሚባል ዘፈን ቀረጹ፤ ትርጓሜው «አንበሳ» ማለት ነው። ሸክላው በአለን ሎማክስ በኩል ከሲገር እጅ ገባ። ሲገር የዙሉን ቋንቋ ስለማያውቅ «ኡዪምቡቤ» የሚለው ቃል «ዊሞዌ» ሆኖ ተሰማው፤ ሸማኔዎቹም በዚሁ በተሳሳተ ስም ዘፍነው ወደ 1952 ገደማ በአሜሪካ አስወደዱት። በ1961 ደግሞ ሌሎች ዘፋኞች የእንግሊዝኛ ቃል ጨምረውበት በዓለም ሁሉ ታወቀ። በዜማው ባለቤትነት ከሚጻፉት ስሞች መካከል አንዱ ግን ሸማኔዎቹ ራሳቸው አሮጌ ዘፈኖችን ሲያስመዘግቡ የሚጠቀሙበት፥ ፖል ካምቤል የሚባል፥ በሥጋ ያልተወለደ ሰው ስም ነበረ።

ሲገር የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ባወቀ ጊዜ ለሊንዳ 1000 ዶላር እንዲላክለት አደረገ፤ ከዚያም በኋላ አሳታሚዎቹ ድርሻውን የሚልኩለት መስሎት ኖረ። እነርሱ ግን እንደሚገባ አልላኩም፤ እርሱም ተከታትሎ አልጠየቀም፤ ይህንም በስተ እርጅናው እያዘነ ተናግሮታል። ሊንዳ በ1962 በድኽነት ሞተ። ሴቶች ልጆቹ ተሟግተው በስምምነት ገንዘብ ያገኙት በ2006 ነው፤ ይህም ዘፈኑ ከተቀረጸ 67 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ላይ በሌላ መልክ ተፈጸመ፤ የሸማኔዎች ድር አንበሳውን አስሮ ወደ ገበያ አወጣው፤ ባለ አንበሳው ግን ባዶ እጁን ቀረ።

የሸማኔዎቹም ደስታ ብዙ አልቆየም። በ1950 በጁን ወር የኮሚኒስት ወዳጆች ናቸው የተባሉ የ151 ሰዎች ስም ያለበት አንድ መጽሐፍ በኒው ዮርክ ታተመ፤ የሲገርም ስም ከዚያ ውስጥ ነበረ። ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ሲገር አስቀድሞ የኮሚኒስት ማኅበር አባል ሆኖ ነበርና። ነገር ግን ዘፋኞቹ የተከሰሱት ባደረጉት ወንጀል ሳይሆን በአሳባቸውና በወዳጆቻቸው ነው። በ1951 በኦሃዮ ግዛት በዓመቱ ትልቅ ትርኢት ሊዘፍኑ ውል ከገቡ በኋላ ተከለከሉ። በ1952 ሃርቪ ማቱሶ የተባለ የመንግሥት ሰላይ ከአራቱ ሦስቱ ኮሚኒስት ናቸው ብሎ መሰከረ። ከዚህም በኋላ ራዲዮው ዝም አላቸው፤ አዳራሹ ተዘጋባቸው፤ የሸክላው ኩባንያም ተዋቸው፤ ማኅበሩም ተበተነ። ያው ምስክር በ1955 «የሐሰት ምስክር» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ በብዙ ሰዎች ላይ በሐሰት እንደ መሰከረ ገለጠ፤ ሆኖም የምስክሩ ንስሓ የተዘጋውን ደጅ አልከፈተላቸውም።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሄይስና ሲገር በሕግ መምሪያው ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ቀረቡ። ሕገ መንግሥቱ ሰው በራሱ ላይ እንዳይመሰክር ስለሚፈቅድ ሄይስ በዚህ አንቀጽ ተጠግቶ ዝም አለ፤ ብዙ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሲገር ግን ይህን መጠጊያ አልወሰደም። ስለ ሃይማኖቱ፥ ስለ አሳቡና ስለ ወዳጆቹ ማንንም አሜሪካዊ መጠየቅ አይገባም ብሎ መልስ ከለከለ፤ ስለ ዘፈኖቹ ግን ሊናገር፥ ቢፈቅዱለትም ሊዘፍን ፈቃደኛ እንደ ሆነ ነገራቸው። በ1957 ምክር ቤቱን ንቋል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1961 አንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ1962 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ይህን ሁሉ ጊዜ በትምህርት ቤቶችና በትንንሽ ጉባኤዎች እየዘፈነ ቤተ ሰቡን ይመግብ ነበር።

መርማሪዎቹ ከጠየቁአቸው ከአራት ወር በኋላ ሃሮልድ ሌቨንታል የተባለው ወኪላቸው አራቱን መልሶ ሰበሰባቸው። በዲሴምበር 24 ቀን 1955 በካርኔጊ አዳራሽ ዘፈኑ፤ አዳራሹም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። ራዲዮ ያላወሳቸውን ሰዎች ሕዝቡ አልረሳቸውም ነበር።

ነገር ግን የውጭ ጠላት ያልለያየውን የውስጥ ነገር ይለያየዋል። ሦስቱ ለአንድ የሲጋራ ኩባንያ ማስታወቂያ ለመዝፈን ቢስማሙ፥ ሲገር ይህን ስላልወደደ ሥራውን አብሮአቸው ፈጽሞ ተለያቸው። በእርሱ ፈንታ ኤሪክ ዳርሊንግ ገባ፤ ከእርሱም በኋላ ፍራንክ ሃሚልተንና በርኒ ክራውስ ተከታትለው ገቡ። በጃንዋሪ 1962 በቴሌቪዥን ሊዘፍኑ ተጠርተው ሳለ የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ቢጠየቁ አንፈርምም አሉ፤ ስለዚህም ሳይዘፍኑ ቀሩ። በ1964 ማኅበሩ ተፈጸመ።

የዘሩት ግን በሌሎች እርሻ በቀለ። ኪንግስተን ትሪዮ የተባሉት ዘፋኞች በ1958፥ ፒተር፥ ፖልና ሜሪ የተባሉትም በ1962 በዚሁ መንገድ ተነሥተው በአሜሪካ የባላገር ዘፈን ትንሣኤ የተባለውን ዘመን አስፋፉ። እነዚህ ኋለኞቹ በዝና ካወጡአቸው ዘፈኖች አንዱ ሄይስና ሲገር በ1949 የደረሱት ስለ መዶሻ የሚናገረው ነው፤ በደራሲዎቹ ጊዜ ያስጠረጠረው ቃል ከ13 ዓመት በኋላ በየቤቱ ተዘፈነ።

በኖቬምበር ወር 1980 አራቱ ሽማግሌዎች ሆነው እንደ ገና በካርኔጊ አዳራሽ ተገናኙ። ሄይስ በስኳር በሽታ ሁለት እግሮቹን አጥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ወፍራም ድምፁና ጨዋታው ግን አልተለየውም። በሚመጣው ዓመት በኦገስት ወር ሞተ። ሲገር በ1994 ከመንግሥት የኪነ ጥበብ ሜዳልያ ተቀበለ፤ በአንድ ወቅት የከሰሰው መንግሥት መልሶ አከበረው። እርሱ በ2014፥ ሮኒ ጊልበርት በ2015፥ ፍሬድ ሄለርማንም በ2016 ዐረፉ።

ይህን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። መጀመሪያ፥ ሰውን ስለ አሳቡ ዝም ማሰኘት ዘፈኑን ዝም እንደማያሰኝ ነው፤ የተከለከለው ዜማ ሌላ አፍ ፈልጎ ይወጣል። ሁለተኛም፥ ስለ ተበደሉት የሚዘፍን ሰው ራሱ ሳያውቀው የሌላውን ድካም ሊወስድ እንደሚችል ነው። ሲገር በመርማሪዎች ፊት የወዳጆቹን ስም አልጠራም፤ በዚህም ተከበረ። የሰሎሞን ሊንዳ ስም ግን መጠራት ይገባው በነበረበት ስፍራ ለብዙ ዓመት ሳይጠራ ኖረ። ስምን መሰወር ታማኝነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስምን መጥራት ፍርድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። መልካም ዜማ የሰማ ሰው ሁሉ ከማድነቁ ጋራ «ይህን ያወጣው ማን ነው? ዋጋውንስ አግኝቷልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ከመርሳት ይድናል።