ከጥርሱ በፊት ድዱ፦ የጥርስ ተከላ አጭር ታሪክ



ከቁጠባችን ብድር ከሚጠየቅባቸው ጉዳዮች አንዱ የጥርስ ሕክምና ሆኗል። ጥርስ የወለቀባቸው እህቶቻችን «ኢምፕላንት የሚባለውን ላስተክል ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ያማክሩናል። ወጪው ለአብዛኞቻችን ከባድ ነው። ስለዚህ ብድሩን በምን መልክ እንስጥ ብለን ከመወሰናችን በፊት፣ ሕክምናው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ አብረን እንድናይ ፈለግን።

የወለቀን ጥርስ በሌላ የመተካት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 በሆንዱራስ የተቆፈረ ጥንታዊ የመንጋጋ አጥንት ከዛጎል የተቀረጹ ሦስት የፊት ጥርሶች ተተክለውበት ተገኝቷል። ዕድሜው ከ1,000 ዓመት በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ወርቅም ሌላ ብረትም ተሞክሯል። ነገር ግን ሰውነት ባዕዱን ነገር አብዛኛውን ጊዜ በጠባሳ ሥጋ ስለሚከበው ከአጥንቱ ጋር አይያያዝም፤ ውሎ አድሮም ይላላል።

መፍትሔው የተገኘው ጥርስ በማይታሰብበት ቦታ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በአጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማጥናት፣ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ ተከለ። ጥናቱ ሲያበቃ ሊያወጣው ቢሞክር እምቢ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አድጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በጎተንበርግ ከተማ የመጀመሪያውን ታካሚ ዮስታ ላርሶንን አከመ። ላርሶን ሲወለድ ጀምሮ የላንቃና የመንጋጋ ችግር ነበረበት። በታችኛው መንጋጋው አራት የቲታኒየም ብሎኖች ተተከሉለት፤ አጥንቱ እስኪይዛቸው ወራት ተጠብቆም ጥርሶቹ በላያቸው ታሰሩ። ላርሶን በ2006 እስኪያርፍ ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ አገልግለውታል። ያም ሆኖ ብዙ ባለሙያዎች ዘዴውን የተቀበሉት በ1982 በቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ ውጤቱ ከቀረበላቸው በኋላ ነበር።

በዚያው በ1965 ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጥናት ታተመ። በዴንማርክ ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሃራልድ ሎኤ ድዳቸው ጤነኛ የሆኑ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነ። የድድ ሕመም ዋናው መንስኤ በጥርስ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ቆሻሻ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሎኤ ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከባልደረባው ከሲልነስ ጋር የነፍሰ ጡር ሴቶችን ድድ አጥንቶ ነበር። በእርግዝና ወራት የድድ መቆጣት እንደሚብስ፣ ከወሊድ በኋላም እንደሚቀንስ አይተዋል። ይህ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ብዙዎቻችን ነፍሰ ጡር ሳለን ድዳችን ሲደማ «የእርግዝና ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ መድማቱን ፈርተንም መፋቂያውን እንተዋለን። መተው ግን ሕመሙን ያብሰዋል። ሳይታከም የቆየ የድድ ሕመም ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል፤ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ጥርስ የሚነቃነቀውም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ብሎኑ ራሱ አይበሰብስም፤ የሚይዘው ግን አጥንት ነው። ያው ቆሻሻ በተተከለው ጥርስ ዙሪያ ሲከማች ድዱ ይቆጣል፤ አጥንቱም ይሸሻል። በመጨረሻ በውድ ዋጋ የተተከለው ጥርስ ይነቀላል። ለሚያጨሱና የስኳር ሕመማቸውን ላልተቆጣጠሩ ሰዎች አደጋው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ከተከላው በፊት ድዱን ይመረምራል፤ ሕመም ካለም አስቀድሞ ያክማል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ሕክምና በእጃችን ነው። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ፣ ብሩሽም ቢሆን፣ በየቀኑ እስከ ድዱ ጠርዝ በቀስታ ከደረሰ ሥራውን ይሠራል። በጥርስ ላይ ደርቆ የጠነከረውን ክምችት ግን መፋቂያ አያነሣውም፤ እርሱን ባለሙያ ማጠብ አለበት።

ስለ ብድሩ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፦ ለድድ ምርመራና ለጥርስ እጥበት የሚጠየቅ አነስተኛ ብድር ቅድሚያ ያግኝ፤ ለነፍሰ ጡር አባላት ደግሞ ተራ አይጠበቅበት። ለተከላ የሚጠየቀውን ብድርም አንከለክልም፤ ጥርስ አጥታ ማኘክና ደፍራ መሳቅ የተቸገረች እህት ችግሯን እናውቃለን። ነገር ግን ገንዘቡ የሚለቀቀው ድዷ መታከሙን ሐኪሟ ካረጋገጠ በኋላ ይሁን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ተወያይተን እንወስንበት።