ነፍሳት አጥቂ ፈንገሶች፦ ክፉ ወቅትን የሚያልፉበት መንገድ

ነፍሳት አጥቂ ፈንገሶች የሚባሉት በነፍሳት ገላ ውስጥ አድገው የሚገድሉ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ይበልጥ የሚታወቁት ቦቬሪያና ሜታራይዚየም ናቸው። ስፖሩ በነፍሳቱ ቆዳ ላይ በቅሎ ሽፋኑን ሰርስሮ ይገባል፤ ለዚህም እርጥበት ይሻል። ከ2500 ሜትር በላይ ባለው የደቡብ ወሎው የወረኢሉ ደጋ የበጋው ድርቀት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይመቹትም። ከሁሉ የከፋው ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ የተጋለጠ ስፖርን በሰዓታት ውስጥ ያመክናል።

ስለዚህ ዋናው መሸሸጊያ አፈር ነው። ቦቬሪያና ሜታራይዚየም በደረቀው የነፍሳት ሬሳ ውስጥም ቆይተው እርጥበት ሲመለስ በላዩ አዲስ ስፖር ያበቅላሉ፤ ሜታራይዚየም በዕፅዋት ሥር ዙሪያም ይኖራል። ፌንጣን የሚያጠቃው ኢንቶሞፋጋ የተባለው ፈንገስ ደግሞ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የዕረፍት ስፖር ይሠራል። ይህ ስፖር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ዓመት አይነቃም፣ ከፊሉ ይጠብቃል። የበልግ ዝናብ በሚዋዥቅበት አገር ከዚህ የተሻለ ስልት ማሰብ ያስቸግራል።

ነፍሳቱም እጃቸውን አጣጥፈው አይሞቱም፤ የታመመ አንበጣ ፀሐይ እየሞቀ የገላውን ሙቀት ከፍ ያደርግና ፈንገሱን ያዘገየዋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ ወሎን የወረረውን የበረሃ አንበጣ ለመከላከል በዋናነት የተረጨው ፈንገስ ሳይሆን ኬሚካል ነበር። ይሁንና ፈንገሱም ለርጭት ይዘጋጃል፤ ለአንበጣ መከላከያ የሚዘጋጀው የሜታራይዚየም ስፖር በዘይት የሚበጠበጠው አየሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራም እንዲሠራ ነው።