ታንኳ የቻለውን ያህል

ጣናን ከጻፉልን ሰዎች ብዙዎቹ ሐይቁን ያዩት ደንገል ላይ ተቀምጠው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ የሐይቁ ታንኳዎች ከእንጨት ሳይሆን ከደንገል የተሠሩ መሆናቸውን መዝግቧል። ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማንም ደሴቶቹንና ገዳማቱን እየዞረ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። የዳጋ እስጢፋኖስና የክብራን ገብርኤል ብራናዎች በበኩላቸው ስለ ነገሥታትና ስለ ቅዱሳን ብዙ ይነግሩናል። ታንኳውን ግን ማን አሰረው? ማን ቀዘፈው? እንግዳውን አድርሶ ሲመለስ ምን አጠመደ? ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማሳድደው ይህንን ነው፤ መዝገብ ቤት ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ወደ ውኃው ዳር እወርዳለሁ።

ታንኳን ከሌላው ሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸው አማርኛ ነው። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሥጋውን ይበሉ፣ ቆዳውን ለአለንጋ ይሸጡ ነበር። የወፍጮ ድንጋይም ይጠርቡ ነበር። ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ እስላም ነን ቢሉም እስላሙ እንደ ወገን አልቆጠራቸውም። እነሱ በጠረቡት ወፍጮ ከተፈጨ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ የሚበላ ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። እኔ ባሕር ዳር ሳድግ ይህን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የሚናገረው ግን አልነበረም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆሞ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ከደብረ ማርያም ወዲህ ካለው ዳርቻ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወጣሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ታንኳዋ ከአንድ ሰው ትከሻ ብዙ አትሰፋም። ደረቅ ደንገል በነዶ በነዶ ተጠቅልሎ፣ ጠብቆ ታስሮ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተቀልብሷል። መሐሉ ላይ ሌላ የደንገል እስር ይጋደምና መቀመጫ ይሆናል። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት ቦታ መሬቱን ወግተው ይገፉበታል። ሐይቁ እንዲህ ሰፊ ሆኖ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አይበልጥም።

«መምህር፣ አይንቀሳቀሱ እንጂ። ይቺ እንደ በቅሎ ናት፣ የማታውቀውን ትጥላለች» አሉኝ። ልብሴ ከወገብ በታች ረጥቧል። ደንገል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ሥራ ሲያበቃ ታንኳውን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ መሐል ሐይቅ ላይ መገኘት አይፈለግም። ማልደው መረብ ያነሣሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ዳር ይይዛሉ።

የያዝነው በብዛት ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ነበር፤ ጥቂት ቢሆንም ወፋፍራም ነው። ቀረሶ ከዳር ከደንገሉ ሥር አይርቅም፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለችና ወንዝ አያስፈልጋትም። በዚህ ወቅት ታሪክ ያለው ግን ነጭ ዓሣው ነው። ክረምቱ ሲበረታ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ደለላቸውን ሐይቁ ላይ ሲያራግፉ፣ ነጭ ዓሣው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ጥሩ ውኃና ጠጠር ባለበት እንቁላሉን ይጥላል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የወንዝ አፍ የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያጣውን በአንድ ሳምንት ያገኛል። ጋሼ በአባታቸው ዘመን እስከ ጉማራ ድረስ በታንኳ የሚሄዱ ሰዎች እንደነበሩ ነገሩኝ። ሌሊቱን ዳር ያድራሉ፤ ቀን ታንኳው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ የያዙትንም ታንኳው የቻለውን ያህል ብቻ ጭነው ይመለሳሉ።

የጥንቱን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መሳል አልወድም። ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ እየበተነ፣ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ያፍስ ነበር። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ይህ ነጭ ዓሣ የምንለው ምን እንደሆነ የተማረው ዓለም ብዙ ተወዛግቦበታል። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና ሰብስቦ በርከት ያሉ ዝርያዎችን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። ከዚያ በ1990ዎቹ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መጥተው፣ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ እየለኩና እየቀደዱ 15 መሆናቸውን አሳዩ። ወደ 40 ሜትር የሚወረወረው ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው፣ ጣና ለብቻው የራሱን ዘር ሲያፈራ ኖሯል። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ በሊታ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር እንዲህ መሆናቸው ሊቃውንቱን ያስገርማቸዋል። ጋሼ መረቡ ውስጥ የገቡትን ሁለት ነጭ ዓሣዎች አንስተው አፋቸውን ገልጠው አሳዩኝና «ይሄ ጭቃ የሚልስ ነው፣ ይሄ ልጅ የሚበላ ነው» ብለው አልፈው ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩ ተለወጠ። ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ጋር ሆኖ፣ ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገባ። ከረሃቡ ዘመን ብዙም ያልራቅንበት ጊዜ ነበርና የሐሳቡን ደግነት አልጠራጠርም። አንዱ መረብ 100 ሜትር ይረዝማል። በሞተር ጀልባ የሚሰገረው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። አዲስ አበባ በጾም ወራት የጣናን ዓሣ ለመደች። የባሕር ዳር ምግብ ቤቶች በዓሣ ጉላሽና በዓሣ ጥብስ ስም አወጡ። ኋላም ቋንጣው ሱዳን ድረስ ተሻገረ።

ሞተሩ አጥማጁን የወሰደው ግን ወዴት ነው? ወደ ጉማራ አፍ ነው፣ በነሐሴና በመስከረም። ታንኳ ቀናት የሚፈጅበትን መንገድ ሞተር በሰዓታት ይጨርሰዋል፤ ነፋስ አያግደውም፣ ውኃ አይመጥጥም፣ መድረቅ አያስፈልገውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ፣ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ክብደቱ ወደ 75 በመቶ፣ ጫጩቱ ደግሞ ወደ 90 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሊወልድ በር ላይ የተሰለፈን መንጋ በመረብ ማጠር ከዚህ ሌላ ውጤት የለውም።

እኔ ከዚህ የምረዳው ለዘመናት ዓሣውን የጠበቀው የአባቶች ጥበብ አለመሆኑን ነው። በጣና ዙሪያ «በእንቁላል ጊዜ አታጥምዱ» የሚል ሥርዓት ሲነገር አልሰማሁም፤ ጋሼን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ሕጉ ደንገሉ ነበር። የታንኳው ስንፍና፣ የውኃው መክበድ፣ የነፋሱ ሰዓት፣ የቀዛፊው ክንድ፣ እነዚህ ተደማምረው ማንም ያልጻፈውን ገደብ አስከብረዋል። ገደቡ ከተነሣ በኋላ በወረቀት መተካት ተሞከረ፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/2003 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፣ የክልሉም ተከተለ። አዋጅ እንደ ደንገል አይረጥብም፤ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ የሚያድር ተቆጣጣሪ ግን የት ይገኛል?

ደንገሉም ራሱ እየሸሸ ነው። የዳርቻው ረግረግ ለእርሻ ተቆፍሯል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ የሐይቁን ከፍታ በመብራት ኃይል ፍላጎት ያወጣዋል፣ ያወርደዋል፤ ደንገል ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ካልሆነ አይሆንለትም። እንቦጭ የተባለው አረም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሜኑንና ምሥራቁን ዳርቻ ይዟል። ድሮ በማጭድ ሄደው የሚያመጡትን ደንገል ጋሼ ዛሬ ከሩቅ በገንዘብ ያስመጡታል።

ዳር ስንደርስ ታንኳዋን አብረን ጎትተን አወጣናት። ባዶዋን ብቻ ሳይሆን የጠጣችውን ውኃ ጭምር ነው የጎተትነው፤ ወገቤን ያዘኝ። ቀረሶውን የሚረከቡ ሴቶች ቀድመው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበርና የዋጋ ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። እሱ ጋብ ሲል፣ ስለ ታንኳ ያሰብኩትን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ፣ ያን ጊዜ ሞተሩን ለእርስዎ ቢሰጡዎት ኖሮ ይቀበሉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ ጋሼ፣ መረቡን እያራገፉ። «ተመዝግቤ ነበር እኮ። ተራው ሳይደርሰኝ አለቀ እንጂ።»