የባሕር ዛፍ ምሳርና የቦሌ ጽድ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ ሄደ። እንጨት የሚያመጡ ሰዎች መንገዳቸው ከዓመት ወደ ዓመት ራቀ። እንጨት ባለቀ ጊዜ ከተማን ትቶ ወደ ሌላ ስፍራ መስፈር የቀድሞ ነገሥታት ልማድ ነበረና፥ ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በምዕራብ በኩል በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። ነገር ግን ከተማይቱ ሳትለቀቅ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን በስፍራዋ ካቆሟት ነገሮች አንዱና ዋናው ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንዳስመጣው ይነገራል፤ ሕዝቡም ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ባሕር ዛፍ አለው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ብዙው ተነቅሎ በምትኩ ሌላ ዛፍ እንዲተከል ታዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን እምብዛም አልተፈጸመም። ማገዶውንና የቤቱን እንጨት ከጓሮው ማግኘት የለመደ ሰው እንዴት ይንቀለው?

የባሕር ዛፍን ነገር የሚያወሩ ሁሉ ፈጥኖ ማደጉን ያነሣሉ። ከዚህ የሚበልጠው ጠባዩ ግን ቢቈርጡት አለመሞቱ ነው። ጽድ ከግንዱ ከተቈረጠ ጉቶው ደርቆ ይቀራል። የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ባለቤቱም ብርቱዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ የቀሩትን ይመለምላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ ገና ይቈርጣል። ብልህ ቈራጭ ወደ መሬት አስጠግቶ፥ ዝናብ እንዳይቋጥር አግድሞ ሳይሆን አዘንብሎ ይቈርጠዋል፤ የጉቶው ልጥ ከተገሸለጠ ቡቃያው ይደክማልና ምሳሩን አስቀድሞ ይስላል። ቀጭኑ አጠናና ማገር፥ ወፍራሙ ቋሚ፥ ጭራሮውና ቅጠሉ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ማገዶ ይሆናል። ከየካና ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ድካም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ አይገባም። ከዐለት የተፈለፈለው የየካ ዋሻ ሚካኤል እንኳ ዛሬ የሚገኘው በዚሁ በባሕር ዛፍ ደን መካከል ነው።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው ዛፍ መቍረጥን የተማረው ቢቈረጥ ከማይሞት ዛፍ ነው። ይህም ትምህርት በኋላ ጉዳት አመጣ።

ቦሌ ቀድሞ እርሻና ግጦሽ ነበረ። በ1950ዎቹ ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ፥ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች በየጊዜው ተሠሩበት። በግቢዎቹም የፈረንጅ ጽድ፥ ግራቪሊያ፥ ጃካራንዳና ሸውሸዌ ተተከሉ። ዛፉ ባደገና ቅርንጫፉ ጣራውን ወይም የመብራቱን ሽቦ በነካ ጊዜ፥ ባለቤቱ መጥረቢያና ገመድ ያለውን ሰው ይጠራል፤ እርሱም በባሕር ዛፍ የለመደውን ያደርጋል። ነገር ግን የፈረንጅ ጽድ አጥር በየጊዜው ከለምለሙ ላይ ሲከረከም ያምራል እንጂ፥ ቅጠል እስከሌለው ደረቅ እንጨት ድረስ ከተቈረጠ ዳግመኛ አያቈጠቍጥም፤ ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ይኖራል። ጃካራንዳ ግን ያቈጠቍጣል፤ ሆኖም ራሱ በአንድ ጊዜ ከተቀላ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጡት ቀንበጦች በግንዱ ላይ የተለጠፉ ያህል ናቸውና፥ ከከበዱ በኋላ በነፋስ ይገነጠላሉ። ጣራውን ለማዳን የተቈረጠው ዛፍ ያን ጊዜ ለጣራው የባሰ ጠላት ይሆናል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከባዱን ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይጥለውም። አስቀድሞ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች በኩል በመጋዝ ጥቂት ይሰነጥቀዋል፤ ቀጥሎ ከላይ ይቈርጠዋል፤ በመጨረሻም የቀረውን ጉማጅ ከግንዱ አጠገብ፥ ቅርንጫፉ የተነሣበትን እብጠት ሳይነካ ያነሣዋል። እንዲህ ከሆነ ልጡ ተገሽልጦ እስከ ግንዱ አይወርድም፤ ዛፉም ቁስሉን በገዛ ልጡ ቀስ በቀስ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቈራጩ ዋጋውን በእንጨቱ የሚቀበል ከሆነ፥ ብዙ በቈረጠ መጠን ብዙ ያገኛል። ስለዚህ አንዳንድ አስተዋይ ባለቤት ዋጋውን በገንዘብ ይቈርጥና እንጨቱን ለራሱ ያስቀራል፤ የሚወርደውንም ቅርንጫፍ፥ ሰውየው ገና ወደ ላይ ሳይወጣ፥ ከታች ሆኖ አንድ በአንድ ያሳየዋል።