ከምላጩ በፊት የሐኪሙ አንደበት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚወቅሰው ታማሚውን ነው። ታሪክ ገልጠን ስናይ ግን በሽታ ሲደብቅ የኖረው ታማሚው ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም ነው። ያውም እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ሙያ ደንብ ቆጥሮት! በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ፣ ስለ ሐኪም ጠባይ የሚናገረው፣ ሐኪሙ ሥራውን በእርጋታ እንዲያከናውንና ከበሽተኛው አብዛኛውን ነገር እንዲሰውር ይመክራል። ምክሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ታዲያ ይህ ዝምታ እንዴት ተሰበረ? ሲሰበርስ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ምን ፈየደለት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዝምታው ዘመን የተረፈልን አንድ ትልቅ ምስክር አለ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1811 ፓሪስ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ ጡቷን ተቆርጣለች። ቀዳጁ የናፖሊዮን ጦር ዝነኛ ሐኪም ባሮን ላሬ ነበር። በርኒ ከወራት በኋላ ለእኅቷ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ የሆነውን ሁሉ አስፍራዋለች። ሐኪሞቹ ጭንቀቱ እንዳይበዛባት ብለው ቀኑን ሰወሩባት፤ ዕለቱ ሲደርስ ከጥቂት ሰዓት በፊት ብቻ ተነገራት። አስተኝተው ፊቷን በስስ መሐረብ ሸፈኑት። መሐረቡ ያሳይ ነበርና ከሐኪሞቹ አንዱ ቃል ሳይተነፍስ በጣቱ አየር ላይ መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ መስቀል፣ በመጨረሻም ክብ ሲሥል አየችው። ጡቱ በሙሉ ይነሣ ማለቱ ነው። ይህን ስታይ ብድግ ብላ መሐረቡን ገፍፋ ሕመሟ የት ላይ እንደሆነ ራሷ ታስረዳ ጀመር። ሰሟት፤ ነገር ግን መልሰው አስተኟት፤ ፊቷንም መልሰው ሸፈኑት።

በርኒ ድናለች፤ ከዚያ በኋላ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። ላሬም ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሲያዝንላት እንደነበር ደብዳቤዋ ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እጃቸው የሠለጠነ፣ ልባቸውም የራራ ሰዎች እንኳ ስለ ገላዋ የተመካከሩት ከእሷ ጋር ሳይሆን ከእሷ በላይ፣ በጣት ምልክት ነበር።

ከ35 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 16 ቀን 1846፣ ቦስተን በሚገኘው በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድ ታማሚ በኤተር አደነዘዘ፤ ጆን ኮሊንስ ዋረንም አንገቱ ላይ የነበረውን እጢ ቀደደ። የሰው ልጅ ከስንት ስቃይ እንደዳነ ምኑ ቅጡ! ግን አብሮት ሌላ ነገር መጣ። ታማሚው ተኛ። በፊት የሚጮኸው፣ የሚለምነው፣ እንደ በርኒ ብድግ ብሎ የሚከራከረው ሰው ዝም አለ። ቀዶ ጥገናም በተኛ ገላ ላይ የሚፈጸም ሥራ ሆነ።

የዚህ ጣጣ በ1914 ኒውዮርክ ውስጥ በተሰጠ ፍርድ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባለች ሴት በኤተር ተኝታ እንድትመረመር ብቻ እንደፈቀደች፣ አትቅደዱኝ ብላም እንደተናገረች፣ ነገር ግን ስትነቃ እጢዋ ወጥቶ እንዳገኘችው ገልጻ ከሰሰች። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ሁሉ በገላው ላይ የሚደረገውን ራሱ የመወሰን መብት አለው ሲል ጻፈ። የሚያስገርመው ግን ሴትዮዋ ተረታች፤ ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ አይጠየቅም ተባለ። ቃሉ ግን ከፍርዱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በ1957 አንድ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ሌላ እርምጃ ጨመረበት፤ ታማሚው «እሺ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ ተነግሮትና ተረድቶ መፍቀድ አለበት አለ።

ሕግ ተናገረ ማለት ሐኪሞች ተናገሩ ማለት አይደለም። በ1961 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ከ200 የሚበልጡ ሐኪሞች ተጠይቀው፣ ከመቶ 90 ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው በሽታውን እንደማይነግሩ አስታወቁ። ምክንያታቸው የጥንቱ ነው፤ ተስፋ እንዳይቆርጥ። በ1979 የወጣው ተመሳሳይ ጥናት ግን ነገሩ መገልበጡን አሳየ፤ ከመቶ 97ቱ መንገር ይሻላል አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ የሁለት ሺህ ዓመት ልማድ ተናደ! ለምን ቢሉ፣ የካንሰር ሕክምናው ራሱ ስለተሻሻለ የሚነገር ተስፋ ተገኘ፤ ፍርድ ቤቶችም ጠበቅ አደረጉ፤ ሕዝቡም ለሥልጣን ሁሉ «አዎን ጌታዬ» ማለቱን እየተወ ሄደ።

ግን እስከዚህ ድረስ የተባለው ስለ መብት ነው። መናገር ያድናል ወይ? መልሱ በ1964 የመጣው፣ የሚገርመው፣ ኤተር ታማሚውን ዝም ካሰኘበት ከዚያው ከቦስተኑ ሆስፒታል ነው። ያመጡትም የማደንዘዣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። ሎረንስ ኤግበርትና ጓደኞቹ ሆዳቸውን ሊቀደዱ የተዘጋጁ 97 ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ለ51ዱ የተለመደው ብቻ ተደረገላቸው። ለቀሩት 46ቱ ግን የማደንዘዣ ሐኪሙ አልጋቸው ድረስ ሄዶ፣ ሲነቁ የት የት እንደሚያማቸው፣ ምን ያህልና እስከ መቼ እንደሚያማቸው፣ ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ ሲኮማተር መሆኑን፣ እንዴት እንደሚገላበጡና ገላቸውን እንደሚያላሉ ነገራቸው። ካልቻላችሁ ማስታገሻ ጠይቁ አላቸው። ከቀዶ ጥገናው በኋላም እየተመለሰ አጽናናቸው። ቀዳጆቹ ሐኪሞች ማን በየትኛው ወገን እንዳለ አያውቁም ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የተነገራቸው ሰዎች የወሰዱት ሞርፊን በግማሽ ያህል አነሰ፤ በአማካይም 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መርፌውም ምላጩም አንድ ነው፤ የተለየው ንግግሩ ነው። ጭንቀት እንዳይበዛበት ዝም እንበለው የሚለው የጥንት ምክር ከዚህ ወዲያ በምን አፉ ይከራከራል?

ቀጥሎ የመጣው ምርመራ ደግሞ ምን ዓይነት ንግግር የሚለውን አነሣ። ባርባራ ኮርሽና ባልደረቦቿ በ1968 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል 800 እናቶች ከሐኪም ጋር የተነጋገሩትን በቴፕ ቀድተው አጠኑ። ዋና ጭንቀታቸውን ሳይናገሩ የወጡ እናቶች ጥቂት አልነበሩም፤ የጠየቃቸው አልነበረማ! ሐኪሙ ወዳጃዊ ፊት ያሳያትና ያዳመጣት እናት ግን ረክታ ሄደች፤ የታዘዘላትንም ይበልጥ ፈጸመች። እርካታው ከሰዓቱ ርዝመት ጋር አልተያያዘም። በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የቀዶ ሐኪሞችን ድምፅ በጥቂት ሰከንድ ቅንጭብ ወስዶ፣ ቃሉ እንዳይለይ አድርጎ፣ ቃናውን ብቻ ለአድማጮች አሰማ። ቃናቸው የአዛዥ ሆኖ የተገኙት ሐኪሞች ካሁን ቀደም በታካሚ ተከስሰው የሚያውቁ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ሰፋ ያለ ነበር። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

ሆኖም ተረቱን እስከ ጫፉ አንከተለው። የአሜሪካ መንግሥት የሆስፒታል ታካሚዎችን በአንድ ወጥ መጠይቅ ማስጠየቅ ጀምሮ ውጤቱን ከ2008 ወዲህ ለሕዝብ ያወጣል፤ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮም ለሆስፒታሎች ከሚከፍለው ገንዘብ ጥቂቱን በዚሁ ላይ አሥሮታል። ሐኪሙ አከበረህ? አዳመጠህ? በሚገባህ ቋንቋ አስረዳህ? ይላል መጠይቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ነጥብ ገንዘብ ሲሆን ፈገግታም ሸቀጥ ይሆናል። የኤግበርት ታማሚዎች ቀድመው የተነሡት ስለተሳቀላቸው ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ተነግሯቸው፣ በገዛ ገላቸው ላይ የሚሠሩት ሥራ ስለተሰጣቸውም ጭምር ነው። ፊት ያለ ፍትፍት አያጠግብም።

ከዚህ ላይ የኛም ድርሻ ይመጣል። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ምሁር በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና እንዴት ሊነገራቸው እንደሚገባ ጽፈው ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም መብቱን ጠበቅሁለት ብሎ ለታማሚው ፊት ለፊት ሲያፈርጠው፣ የኛ ሰው ጭካኔ ነው የሚመስለው። መርዶ በኛ ዘንድ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው፣ በደረሰበት ሰዓት አይወረወርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚናገረው ሰውና ጊዜው ይመረጣል። ይህ መደበቅ ነው? አይደለም። መርዶ ነጋሪ ዋሽቶ አይመለስም፤ እውነቱን የሚያደርስበት ወግ አለው እንጂ። የሂፖክራጥስ ወገን እውነቱን ትቶ ርኅራኄን ያዘ፤ የኋላው ደግሞ ፍርድ ቤትን ፈርቶ እውነቱን ያዘና ወጉን ረሳ። ሁለቱን ያጣመረ ልማድ እጃችን ላይ አለ።

አለ ስንል ግን ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ይሠራበታል ማለታችን አይደለም። የሕክምና ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። ጠዋት ሐኪሙና ተማሪዎቹ አልጋውን ከበው በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ገበሬው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ዓይኑን ያንከራትታል። ከዚያም «እዚህ ጋ ፈርም» ይባላል። ይህ የፓሪሱ ጣት ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? መሐረቡ ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ ቋንቋ ሆነ እንጂ! ሥራ ይበዛል፣ ሰልፉ ረጅም ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የኮርሽ ቴፕ እንዳሳየው ጉዳዩ የሰዓት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ነገሩን ለሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ብቻ ትተን «የነሱ ጉዳይ ነው» አንበል። ቃል የኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ሙያ ነው። ሆዱን ሊቀደድ ለተኛ ሰው ኤግበርት የነገረው ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ የጎጃሙም የአርሲውም እናት በሚገባት ቃል አንድ ገጽ አይሞላም። ያንን አንድ ገጽ ከሕክምና ተማሪዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ብንጽፈው፣ ማባዣ መኪናው እንደሆነ ይኸውላችሁ፣ ይህንን መጽሔት ያትምልናል።