የድመት መሾለኪያ፦ ላረጀች ድመት አዲስ መግቢያ

ፈረንጆች «ካት ፍላፕ» የሚሉት ዕቃ እስካሁን የተለመደ የአማርኛ ስም የለውም። ከበር ወይም ከግድግዳ ግርጌ የሚከፈት ትንሽ መተላለፊያ ነው፤ ከላይ ብቻ የተያዘ ቀላል ክዳን ተንጠልጥሎበታል። ድመቷ በግንባሯ ስትገፋው ይከፈታል፣ ካለፈች በኋላ ራሱ ተመልሶ ይገጥማል። እኔ «የድመት መሾለኪያ» ብንለው እመርጣለሁ። «ቀዳዳ» ያልን እንደሆነ ክዳኑ ይቀርበታል፤ የማንም አይጥ መግቢያ ይመስላል። «በር» ደግሞ ሰው የሚያልፍበት ነው። መሾለክ ግን ራሷ ድመቷ የምታደርገው ነገር ነው። የተንጠለጠለውን ክዳን «መዝጊያ» ማለት ይበቃል፤ አማርኛ በሩንና መዝጊያውን ድሮውንም ለይቶ ይጠራልና።

ይህ ዕቃ የከተማ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለቆቦና ለራያ ቆላ ግን የሥራ ዕቃ ነው። አገሩ የማሽላ አገር ነው፤ ደጋሊት የተባለውም ጅጉርቴ የተባለውም የማሽላ ዓይነት ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ፣ ጎታ ወይም ጉድጓድ ይገባል። እህል ካለ አይጥ አይጠፋም፤ ስለዚህ ድመት ከቤቱ ሠራተኞች አንዷ ናት። የቀድሞው ቤት ለእሷ አይቸግርም ነበር። የእንጨቱ መዝጊያ ከመሬት ጋር አይገጥምም፣ በግድግዳውና በጣራው መካከልም ክፍተት አለ፤ ውሮ ማንንም ሳታስቸግር ስትወጣ ስትገባ ታድራለች። አሁን በቆቦም ሆነ በዋናው መንገድ ዳር ባሉት በሮቢትና በጎብዬ ቤቱ ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ላሜራ እየሆነ ነው። ላሜራ ጥሩ ሲሠራ ጣት አያስገባም። ሌባን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ እባብንና ጊንጥን ለመከላከልም ጥሩ ነው፤ ድመቷ ግን ወይ ውጭ ትቀራለች ወይ ውስጥ ትታሰራለች። ለእሷ ሲባል በሩን ገርበብ አድርጎ ማደር ደግሞ በወባ አገር አይመከርም።

ድመት ከቤት ስትታጣ ሰው የሚሮጠው ወደ መርዝ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ መርዝ ባለበት ቤት የምትመታው ድመቷ ናት። የተመረዘች አይጥ መሮጥ ስለማትችል በቀላሉ ትያዛለች፤ እሷን የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። ስለዚህ በአንድ ቤት ድመትና የአይጥ መርዝ አንድ ላይ አይያዙም።

መሾለኪያ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ብዙ ጊዜ አይዛክ ኒውተን እንደ ፈጠረው ይወራል፤ ኒውተን የተወለደው በ1642 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1400 እ.ኤ.አ. የሞተው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር ግን «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው ሥራው ድመት የምትሾልክበትን የሳንቃ ቀዳዳ ጠቅሷል። በኤክስተር ካቴድራል ከትልቁ ሰዓት ሥር ባለው በር ላይ የተበጀው ክብ የድመት ቀዳዳም እስከ ዛሬ ይታያል። የድመትና የእህል ጉርብትና ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ ዘመኑ ሰው እህል አምርቶ ማከማቸት የጀመረበት ነው።

አሁን ወደ አሮጊቷ ድመት። ያረጀች ድመት አዲስ ነገር አትማርም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ትማራለች። የሚይዛት ጉልበቷና ዳሌዋ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች በራጅ ተመልክቶ፣ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት አግኝቷል። ድመት ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች። ሳታነክስና ሳትጮህ፣ ወደ ጎታው አናት መዝለሉን ብቻ ትተዋለች። በመሾለኪያው ፊት ቆማ እምቢ ያለችን ድመት ግትር ከማለት በፊት ከፍታውን መለካት ይገባል። ለጤነኛ ድመት የታችኛው ጠርዝ እስከ ሆዷ ድረስ፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን አይከፋም። ላረጀችው ግን ዝቅ ይበል፤ 5 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሩ ተሠርቶ ካለቀና ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ፣ በውስጥም በውጭም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ማድረግ አይረዳም፤ ሲወርዱ የሚያመው ሲወጡ ከሚያመው አያንስም።

መዝጊያው ፊት ስትደርስ ልብ ብላችሁ እዩዋት። መጀመሪያ ታሸተዋለች። ጢሟን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ አንድ እግሯን አንስታ ነካ ታደርገዋለች። ሲንቀሳቀስባት ወደ ኋላ ትልና ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «በቃ ታውቀዋለች» ብሎ ከኋላ ይገፋታል። ጅራቷ አንዴ ከተያዘ ወይም ጀርባዋ ከተመታ ግን ቦታውን ትጠላዋለች፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ማለማመድ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝጊያ የሚባል ነገር አትይ። ወደ ላይ በገመድ ይታሰር፣ መተላለፊያው ባዶ ይሁን። ከራቷ በፊት፣ ርቧት ሳለ፣ ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ ይዛችሁ ከወዲያ ማዶ ቁጭ በሉና ስሟን ጥሩ። እየለመደች ስትሄድ በባዶው ላይ ስስ ጨርቅ አንጠልጥሉ፤ በጨርቁ አስቀድሞ ጉንጯን ማሸት ጥሩ ነው፣ የራሷን ጠረን ስታገኝበት ትደፍራለች። ቀጥሎ መዝጊያው እስከ ግማሽ ይውረድ፣ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ። ከፈራች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለወጣት ድመት ቀናት የሚበቁ ሲሆን፣ ላረጀችው ሳምንታት ቢፈጅ አያስገርምም። ዓይኗ የደከመ ከሆነ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መዝጊያ ይሻላታል።

ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ በያጅ ይሠራዋል። 15 በ18 ሴንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይቆረጥና ጠርዙ በሞረድ ለስልሶ ይታጠፋል፤ የተቆረጠ ላሜራ ቆዳ ይቀዳል። መዝጊያውን ግን ላሜራ እንዳታደርጉት። ለአሮጊት አንገት ይከብዳል፣ በቆቦ ፀሐይ ሲግልም ግንባሯን ያቃጥላታል። ካረጀ የመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ ሲመለስም ድምፅ የለውም። የጎማው ሽታ እንዲወጣለት ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል።

ጎማ እባብን ወይም ሸለምጥማጥን አያቆምም። ለዚያ ከውስጥ በኩል የሚወርድ ቁራጭ ላሜራ ይበጅ፤ ሲመሽ ድመቷ ከገባች በኋላ ይዘጋ፣ ጠዋት ይከፈት። አይጥ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነውና፣ እህሉ ካለበት ቤት ማደሯ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ቀን ደጅ የምትውል ድመት የእብድ ውሻ በሽታም ሊይዛት ስለሚችል፣ ክትባት ማስከተብ ከመሾለኪያው አብሮ የሚታሰብ ነገር ነው።

አዲስ በር የምታሠሩ ሰዎች ይህን ለበያጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። በሩ ከመበየዱና ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሾለኪያውን መቁረጥ ትንሽ ሥራ ነው፤ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ግን ወጪውም ድካሙም ይበዛል።